ተማሪዎች የትምህርት ቤታቸውን ደህንነት አጥንተው እንዲጽፉ እንዴት እናስተምር? ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል መምህራን የአሠራር መመሪያ

መምህራን ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ስለ ትምህርት ቤታችሁ ደህንነት ጻፉ ብዬ ነበር። ስልሳ ልጆች ስልሳ ወረቀት አመጡ፤ ሁሉም ግን አንድ ነው። ‹ደህንነት ለሰው ልጅ እጅግ አስፈላጊ ነው› ብሎ ይጀምርና ‹የሚመለከተው አካል ትኩረት ሊሰጠው ይገባል› ብሎ ያበቃል። ምን ላድርግ?» ለእያንዳንዱ በስልክ ሳስረዳ ግማሹ ስለሚረሳኝ አሠራሩን ከነምክንያቱ እዚህ አስቀምጬዋለሁ።

ልጆቹ የሚጽፉት አጥተው አይደለም። ሳያዩ፣ ሳይቆጥሩና ሳይጠይቁ እንዲጽፉ ስለታዘዙ ነው። ስለዚህ በዚህ አሠራር ድርሰቱ የሚጀመረው በአራተኛው ሳምንት ነው። በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ካገኙ በአምስት ሳምንት ያልቃል። የአማርኛ ወይም የዜግነት ትምህርት ክፍለ ጊዜ፣ ካልሆነም የክበብ ሰዓት ይበቃል።

ከመጀመርዎ በፊት

ሦስት ነገሮች ሳይጨርሱ ልጆቹን ከክፍል አያስወጡ።

የመጀመሪያው የርዕሰ መምህሩ ፈቃድ ነው፤ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ። ሜትርና ደብተር ይዘው ግቢ ውስጥ የሚዞሩ ልጆች ይጠየቃሉ፣ ይመለሳሉ፣ አንዳንዴም ቁጣ ይደርስባቸዋል። ከዚህ በላይ ደግሞ የጥናቱ ውጤት ድንገት ሲመጣ ክስ ይመስላል። ሪፖርቱን ማን እንደሚቀበልና በየትኛው ቀን እንደሚቀበል አስቀድመው ከተስማሙ ግን ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው የሚጠብቁት ነገር ይሆናል።

ሁለተኛው፣ ከባድ ነገር ቢሰማ የሚረከብ ሰው መመደብ ነው። ልጆች ስለ ደህንነት ሲጠየቁ አንዳንዱ መመታቱን ወይም መነካቷን ይናገራል። ይህን የሚሰማው የ13 ዓመት ልጅ መሆን የለበትም። በትምህርት ቤቱ የምክር አገልግሎት ባለሙያ ካሉ እሳቸውን፣ ከሌሉ የሥርዓተ ፆታ ክበብ ተጠሪዋን ወይም ልጆች የሚያምኗትን አንዲት መምህርት አስቀድመው ያነጋግሩ። ስማቸውን ልጆቹ ሁሉ ይወቁ።

ሦስተኛው ለወላጅ የሚላክ አጭር ወረቀት ነው። አራት መስመር ይበቃል፦ ልጁ ምን እንደሚያጠና፣ ከግቢ እንደማይወጣ፣ ስም እንደማይጻፍና ጥያቄ ያለው ወላጅ ማንን እንደሚያገኝ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ደብተር (ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን፣ ግማሽ ደብተርም ይበቃል)
- ለካርታው ባለ ካሬ ወረቀት፣ ለእያንዳንዱ ቡድን ሁለት
- ሜትር። ከሌለ በየአንድ ሜትሩ ቋጠሮ የተደረገበት ረጅም ሲባጎ
- ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት፤ የእርስዎ ስልክ ይበቃል
- ቆመው ሲጽፉ ከወረቀቱ ሥር የሚያስደግፉት ካርቶን
- የስም መጥሪያ (ለናሙና ማውጫ)
- የተሞሉ መጠይቆች የሚቀመጡበት የሚቆለፍ መሳቢያ
- ፍሊፕ ቻርትና ማርከር፤ ባይኖር ጥቁር ሰሌዳው ይተካዋል

አሠራር

1. «ደህንነት» የሚለውን ቃል ትተው በጥያቄ ይጀምሩ

ሰሌዳው ላይ «የትምህርት ቤት ደህንነት» ብለው ከጻፉ ልጆቹ ወዲያው የሚያስቡት ስለ ጥበቃ፣ ስለ ፍተሻና ስለ ፖሊስ ነው። ቃሉ በየቀኑ የሚሰማው በዚያ ትርጉም ስለሆነ አይፈረድባቸውም። በምትኩ ይህን ይጻፉ፦ «በዚህ ግቢ ውስጥ ስታልፍበት ወይም ስታልፊበት የምትጠነቀቅባቸው ሦስት ቦታዎች የት የት ናቸው? ለምን?»

ሁሉም በየራሱ፣ ሳይነጋገር፣ ስም ሳይጽፍ በቁራጭ ወረቀት ላይ ይመልስ። 7 ደቂቃ ይስጧቸው።

ለምን በጽሑፍ? አንድ ጊዜ ይህንኑ ጥያቄ በቃል ጠይቄ ነበር። ከፊት የተቀመጠ ልጅ «ዋናው በር» አለ፤ ከዚያ በኋላ እጅ ያወጣው ሁሉ ዋናው በር አለ። ጥያቄውን መልሼ በወረቀት ሳደርገው ከሴቶቹ ወረቀቶች ላይ ደጋግሞ የወጣው ሌላ ነገር ነበር፦ የመጸዳጃ ቤት በር መቀርቀሪያ። አንዷ «ጓደኛዬ በሩን ካልያዘችልኝ አልገባም» ብላ ጽፋለች። ይህን በወንዶች ፊት እጅ አውጥታ አትናገረውም። ከዚህ በታች ደጋግሜ የማነሳው ምሳሌ ከዚያ ወረቀት የተነሳው የቡድን ሥራ ነው።

2. ግቢውን ወረቀት ላይ ያውርዱ

ልጆቹን አምስት አምስት አድርገው ይመድቡ። እያንዳንዱ ቡድን ግቢውን በእግሩ ዞሮ ካርታ ይሥል፤ አንድ ካሬ አምስት እርምጃ ይሁን። መማሪያ ክፍሎቹን፣ ደረጃዎቹን፣ የውሃ ቧንቧውን፣ መጸዳጃ ቤቶቹን፣ የፍሳሽ ጉድጓዶቹን፣ በሮቹንና አጥሩን ያስገቡ። ከዚያ በወረቀት የጠቀሷቸውን ቦታዎች በቀይ ያክብቡ።

ካርታው ማማር የለበትም። ጥቅሙ ልጆቹ በየቀኑ የሚያልፉበትን ነገር ቆመው እንዲያዩት ማድረጉ ነው። ክዳን የሌለው የፍሳሽ ጉድጓድ አጠገብ ዓመት ሙሉ ያለፈ ልጅ እንኳ ሲሥለው ነው «ለካ ክዳን የለውም» የሚለው።

ጥንቃቄ፦ የሴቶችን መጸዳጃ ቤት ሴቶች፣ የወንዶችን ወንዶች ያጥኑ፤ ሰው በሌለበት ሰዓት። ከተላጠ ሽቦ፣ ከክፍት ጉድጓድና ሊወድቅ ካዘነበለ ግድግዳ በሩቁ ይቁሙ። የምንሠራው ማየት እንጂ መንካት አይደለም። ይህን ሲናገሩ በአጠቃላይ አያልፉት፤ ቦታዎቹን አንድ በአንድ እየጠሩ ይንገሯቸው።

3. ጥያቄውን ያጥብቡ

ሥራው ሁሉ የሚሳካው ወይም የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ አይቸኩሉ። ልጆች ሰፊ ጥያቄ ይወዳሉ፤ ሰፊ ጥያቄ ደግሞ ከመጽሐፍ በተቀዳ ቃል ካልሆነ በቀር አይመለስም። እያንዳንዱን ጥያቄ በሦስት ማጣሪያ ያሳልፉት፦

- በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ከግቢ ሳንወጣ ልንቆጥረው ወይም ልንለካው እንችላለን?
- መልሱን ቢያገኝ የሚያስተካክለው ሰው በትምህርት ቤቱ ወይም በወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ህብረት (ወተመህ) ውስጥ አለ?
- ማንንም ሰው ሳናጋልጥ ልናጠናው እንችላለን?

«መጸዳጃ ቤታችን ደህና ነው?» የሚለው ጥያቄ በዚህ ማጣሪያ ሲያልፍ «ከሴቶች መጸዳጃ ቤት በሮች ስንቱ ከውስጥ ይቆለፋሉ?» ይሆናል። «የትራፊክ አደጋ ለምን በዛ?» የሚለው ደግሞ «ከጠዋቱ 1፡45 እስከ 2፡15 በዋናው በር ፊት የሚያልፉ መኪኖች ፍጥነት ስንት ነው?» ይሆናል። «ደረጃው ያስፈራል» የሚለው «ደወል ከተደወለ በኋላ ባሉት 2 ደቂቃዎች በደረጃው ስንት ተማሪ ይወርዳል?» ወደሚል ይጠባል።

ጥንቃቄ፦ ማን ይደበድባል፣ ማን ይሰርቃል፣ ማን ሱስ አለበት፣ የትኛው መምህር ይማታል የሚሉ ርዕሶችን ለተማሪ አይስጡ። ጉዳዮቹ ትንሽ ስለሆኑ አይደለም። የሚጠይቀውንም የሚመልሰውንም ልጅ ለበቀል ያጋልጣሉ፤ የሚጣሩትም በአዋቂ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በመጀመሪያው ቀን ወረቀት ላይ ካገኙ ለተመደበው ሰው ያስተላልፉ እንጂ የቡድን ርዕስ አያድርጉት።

ክፍልዎ 70 ተማሪ ቢኖረው 14 ቡድን ይወጣዋል፤ 14 ርዕስ ግን አያስፈልግዎትም። አራት ርዕስ ይምረጡና ለአንድ ርዕስ ሦስት አራት ቡድን ይመድቡ፤ በተለያየ ቀን ይቁጠሩ። የአንዱ ቁጥር ከሌላው ጋር ሲነጻጸር ስህተት ቶሎ ይታያል። የተማሪ ብዛት ለዚህ ሥራ ጥቅም እንጂ እንቅፋት አይደለም።

4. ያየሁት፣ የሰማሁት፣ የገመትኩት

ልጆቹ ደብተራቸውን በሦስት ዓምድ ይክፈሉ፤ ከላይ በእነዚህ ሦስት ቃላት ይሰይሙ። ከዚያ እርስዎ ዓረፍተ ነገር እየተናገሩ በየዓምዱ ያስገቡ፦

«ከ8ኛ ሐ ክፍል ማብሪያ ማጥፊያው ክዳን ወልቋል፤ ሽቦው ይታያል።» ያየሁት።
«አምና አንድ ልጅ ኤሌክትሪክ ይዞት ነበር ይባላል።» የሰማሁት።
«አንድ ቀን ሰው ይገድላል።» የገመትኩት።

ቀላል ምልክት ያስተምሯቸው፦ «ይባላል»፣ «አሉ»፣ «ሰው ሲናገር ሰምቼ» ያለበት ሁሉ ወደ ሁለተኛው ዓምድ ይሄዳል። «ሊሆን ይችላል»፣ «ይመስለኛል» እና ወደፊት የሚሆነውን የሚናገር ሁሉ ሦስተኛው ውስጥ ይገባል። «ብዙ»፣ «ሁልጊዜ»፣ «ሁሉም» የሚሉት ቃላት ደግሞ ቁጥር እስኪገኝላቸው ድረስ የትም አይገቡም።

የሰማነው ነገር የሚጣል አይደለም፤ የት ሄደን እንደምናጣራ ይነግረናል። አምና ልጅ ጉዳት ደርሶበት ከሆነ የመጀመሪያ እርዳታ መዝገብ ላይ ሊኖር ይችላል፤ የቀይ መስቀል ክበብ ኃላፊውን መጠየቅ ይቻላል። ልጆቹ ይህን ልዩነት ካልያዙ ጽሑፋቸው ወሬ ይሆናል፤ አንድ ወሬ የተገኘበት ሪፖርት ደግሞ እውነቱም አብሮ ይጣላል።

5. ይለኩ፣ ይቁጠሩ

ሦስት የተፈተኑ አለካኮች አሉ።

የመኪና ፍጥነት። ከአጥሩ ጎን 50 ሜትር ይለኩና በሁለቱ ጫፎች ምልክት ያድርጉ (ግንድ፣ ምሰሶ ወይም በጠመኔ የተቀባ ድንጋይ)። መኪናው የመጀመሪያውን ምልክት ሲያልፍ አንዱ ልጅ እጁን ያወርዳል፤ ሰዓት የያዘው ሁለተኛው ምልክት ላይ ቆሞ ቆጠራ ይጀምራል፣ መኪናው ፊቱ ሲደርስ ያቆማል። 180ን ለሰከንዱ ያካፍሉ፤ የሚወጣው በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ነው። 6 ሰከንድ ከፈጀ 30፣ 4 ሰከንድ ከሆነ 45፣ 3.6 ከሆነ 50 ማለት ነው። እጅ ስለሚዘገይ የአንድ መኪና ልክ አይታመንም፤ በግማሽ ሰከንድ ስህተት 45 የነበረው 40 ወይም 51 ይሆናል። ስለዚህ 21 መኪና ይለኩና ውጤቱን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድረው የመሃለኛውን፣ ማለትም 11ኛውን ይውሰዱ። ቁጥሩ ለምን እንደሚያሳስብ ራሳቸው ያስሉት፦ በ50 የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ 14 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ሹፌሩ ልጅ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርስ ማለት ነው። በ30 ሲሄድ ግን 8 ሜትር ገደማ ነው።

ጥንቃቄ፦ ይህ ልኬት የሚሠራው ከአጥር ውስጥ ሆኖ፣ መምህር አብሮ ቆሞ ብቻ ነው። አጥሩ መንገዱን የማያሳይ ከሆነ ርዕሱን ይለውጡት።

መጸዳጃ ቤት። መቀመጫዎቹን፣ በሮቹን፣ ከውስጥ የሚቆለፉትን፣ ውሃ ያለበትንና መብራት ያለበትን ይቁጠሩ። ከዚያ የሴትና የወንድ ተማሪዎችን ብዛት ከመዝገብ ቤት ይውሰዱ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ለትምህርት ቤቶች ባወጣው መስፈርት ለ25 ሴት ተማሪዎች አንድ መጸዳጃ፣ ለ50 ወንድ ተማሪዎች ደግሞ አንድ መጸዳጃና አንድ የሽንት መሽኛ ያስፈልጋል። 400 ሴት ተማሪ ያለበት ትምህርት ቤት 16 ያስፈልገዋል። ስንት አለ? ልዩነቱ ራሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ደረጃና በር። የደረጃውን ስፋት በሜትር ይለኩ፤ መደገፊያ እንዳለው፣ የክፍሉ በር ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ እንደሚከፈት ይመዝግቡ። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ከኋላ ሰው ሲገፋ አይከፈትም። በደወል ሰዓት የሚወርዱትን ሲቆጥሩ ቆጣሪዎቹ ከደረጃው ላይ ሳይሆኑ ከላይ በረንዳው ጥግ ላይ ይቁሙ። በጥር 2012 ዓ.ም. በኬንያ ካካሜጋ ከተማ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች ከክፍል ሲወጡ በደረጃ ላይ ተገፋፍተው ከ10 በላይ ሕፃናት ሞተዋል። ይህን ለልጆቹ ሲነግሩ በቀስታና በአጭሩ ይንገሩ፤ ማስፈራሪያ አያድርጉት።

የትኛውንም ቢለኩ በሦስት የተለያዩ ቀናት ይለኩ። የገበያ ቀን መንገዱ ይጨናነቃል፤ ዝናብ ሲጥል ሁሉም በበረንዳ ይሄዳል፤ ሰኞ የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓቱ ሊረዝም ይችላል። የአንድ ቀን ቁጥር የዚያን ቀን ጉዳይ ብቻ ነው የሚናገረው።

ፎቶ አያስፈልግም። የልጅ ፊት የያዘ ፎቶ አንዴ ከስልክ ከወጣ አይመለስም። ሥዕልና ልኬት ይበቃል።

6. ሰው ይጠይቁ

ልጆች «40 ተማሪ ጠየቅን» ሲሉ 40 ጓደኞቻቸውን ነው የጠየቁት። ከስም መጥሪያ ላይ እንዴት እንደሚመረጥ ያሳዩዋቸው፦ ከ1 እስከ 10 ያሉ ቁጥሮችን ጽፈው ዕጣ ያውጡ፤ 4 ከወጣ 4ኛ፣ 14ኛ፣ 24ኛ እያሉ ይሂዱ። ከ480 ተማሪ 48 ይወጣል። ዓይናፋሩም፣ ከሌላ ቡድን የሆነውም፣ ዝምተኛዋም የሚገኙት በዚህ መንገድ ነው።

ጥያቄው መልሱን አይጠቁም። «መጸዳጃ ቤቱ በጣም ያስጠላል፣ አይደል?» የሚል ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው። «ባለፉት 5 የትምህርት ቀናት መጸዳጃ ቤት መሄድ ፈልገሽ የተውሽበት ቀን አለ? ስንት ቀን? ለምን?» የሚለው ግን ቁጥርም ምክንያትም ይሰጣል። ከአምስት ጥያቄ አይለፉ።

ከመጠየቃቸው በፊት ይህን በቃላቸው ይበሉ፦ «ስምሽን አንጽፍም። ካልፈለግሽ አትመልሺ፤ መሃል ላይም ማቆም ትችያለሽ። መልሱን የሚያዩት ቡድናችንና መምህራችን ብቻ ናቸው።» ክፍል ውስጥ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይለማመዱት። እያፈሩ ካነበቡት ተጠያቂውም ያፍራል።

የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞችን መጠየቅ አይርሱ። መንገዱ መቼ እንደሚጨናነቅ፣ የትኛው ጉድጓድ በክረምት እንደሚሞላ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ልጆቹ «አባባ»፣ «እትዬ» ብለው፣ አንቱ እያሉ፣ ሥራ በማይበዛባቸው ሰዓት ይጠይቁ፤ ሲጨርሱም ያመስግኑ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ፦ ትምህርት ቤቱ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ብቻ ካለችው «የጽዳት ሠራተኛዋ እንደነገሩን» ብሎ መጻፍ ስሟን ከመጻፍ አይለይም። «ከሠራተኞች እንደሰማነው» ይበሉ።

ጥንቃቄ፦ ተጠያቂዋ መጎዳቷን መናገር ከጀመረች ጠያቂው እስክሪብቶውን ያስቀምጥ። «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። ይህን ብቻዬን መያዝ አልችልም፤ ወደ መምህርት አብረን እንሂድ» ይበል። «ለማንም አልናገርም» ብሎ ቃል አይግባ፤ የማይጠበቅ ቃል ነው። እርስዎም ጉዳዩን በዚያው ቀን ለተመደበው ሰው ያድርሱ። ልጅቷን ደግመው ደጋግመው አይጠይቋት።

7. የተጻፈ ማስረጃ

ይህ አጭር ይሁን፤ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። ሁለት ጽሑፍ አብረው ያንብቡ። አንዱ የ1987ቱ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ነው፤ ሕፃናት በትምህርት ቤት ውስጥ አካልን ከሚጎዳና ከጭካኔ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ሌላው በ1989 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 12 ነው፤ ልጆች በሚመለከታቸው ጉዳይ ሐሳባቸው እንዲሰማ ይላል። ልጆቹ ለምን መጻፍ እንደተፈቀደላቸው የሚያውቁት እዚህ ላይ ነው።

ስልክ ላይ የሚፈልጉ ከሆነ አብረዋቸው ይሁኑ። በእንግሊዝኛ ሲፈልጉ በብዛት የሚመጣላቸው በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ስለሚደርስ የተኩስ ጥቃት ነው። ከዚያ ያነበበ ልጅ የራሱ ትምህርት ቤት መቀርቀሪያ ተሰብሮ ሳለ ስለ ብረት መፈተሻ ማሽን ይጽፋል። ለእያንዳንዱ ያገኙት ጽሑፍ ሦስት ነገር ያስጽፉ፦ ማን ጻፈው፣ መቼ፣ ስለ የትኛው አገር።

8. አሁን ይጻፉ

አራት አንቀጽ፣ አንድ ገጽ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ምን አገኘን፣ እንዴት አወቅን፣ ለምን ያሰጋል፣ ማን ምን ያድርግ። መግቢያ የሚባል ነገር አይጻፉ። ግኝቱ ራሱ ከፊት ሲሆን አንባቢው ይቆማል።

የመቀርቀሪያው ቡድን መጀመሪያ ያመጣው ይህን ይመስል ነበር፦

«እንደሚታወቀው ንጽሕናና ደህንነት ለሰው ልጅ አስፈላጊ ናቸው። በትምህርት ቤታችን የሴቶች መጸዳጃ ቤት ብዙ ችግሮች ያሉበት ሲሆን ይህም ሴት ተማሪዎችን ለከፍተኛ ችግር እየዳረገ ይገኛል። ስለዚህ የሚመለከተው አካል ትኩረት ሊሰጠው ይገባል።»

በቀይ አላረምኩትም። ደብተራቸውን ከጎኑ አስቀምጠው በእያንዳንዱ ቃል ላይ እንዲጠይቁ አደረግሁ። «ብዙ ችግር» ስንት ነው? «ከፍተኛ ችግር» ምን ይመስላል፣ ማን ላይ አያችሁት? «የሚመለከተው አካል» ቢሮው የት ነው? በመጨረሻው ጥያቄ ላይ ዝም አሉ። ከሁለት ቀን በኋላ የመጣው እንዲህ ነበር (ቁጥሮቹን ለማሳያ ያህል ቀይሬያቸዋለሁ)፦

«ከሴቶች መጸዳጃ ቤት 8 በሮች 5ቱ ከውስጥ አይቆለፉም። በአራቱ መቀርቀሪያው ተነቅሏል፤ በአንዱ መቀርቀሪያው አለ፣ መግቢያ ቀዳዳው ግን ሰፍቶ አይዝም። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ቆጠርን፤ ለውጥ የለም። ሴት ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይሄዳሉ፤ አንዷ ስትገባ ሌላዋ በሩን ከውጭ ትይዛለች። ጓደኛዋ የቀረችባት ቤቷ እስክትደርስ ትታገሳለች። ከጠየቅናቸው 24 ሴት ተማሪዎች 9ኙ ባለፈው ሳምንት እንዲህ አድርገዋል።»

ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን ለጥፈው ለሌሎች ቡድኖች ያሳዩ። ከማንኛውም ማብራሪያ የበለጠ ይህ ያስተምራል።

ሰሌዳው ጥግ ላይ የማይጻፉ ቃላት ዝርዝር ይኑር፦ እንደሚታወቀው፣ ከጊዜ ወደ ጊዜ፣ እጅግ በጣም፣ የሚመለከተው አካል፣ ትኩረት ሊሰጠው ይገባል። ልጆቹ ራሳቸው እየጨመሩበት ይሄዳሉ። ምክንያቱን ግን ይንገሯቸው፦ እነዚህ ቃላት ስለ የትኛውም ትምህርት ቤት ሊጻፉ ይችላሉ፤ ስለዚህ ስለ እናንተ ትምህርት ቤት ምንም አይናገሩም።

በአራተኛው አንቀጽ የሥራ ኃላፊነት ይጠቀስ፦ ምክትል ርዕሰ መምህሩ፣ የንብረት ክፍሉ፣ ወተመህ። ዋጋም ይኑር። ከልጆቹ አንዱ ከወላጁ ጋር የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ሄዶ የአንድ መቀርቀሪያና የብሎኖቹን ዋጋ ጠይቆ ይምጣ። ዋጋው የታወቀ ጥያቄ ከበጀት ጋር ይነጻጸራል፤ ዋጋው ያልታወቀ ይቀመጣል።

9. ይፈትሹ

ቡድኖች ጽሑፍ ይለዋወጡ። አራሚው ቡድን ቁጥር ባየበት ሁሉ ያስምርና «ከየት መጣ?» ብሎ ደብተር ይጠይቅ። ደብተር ላይ የሌለ ቁጥር ይሰረዝ። ከተቻለ ሄደው ራሳቸው አንዴ ይቁጠሩ። ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ የሚታረመው ከዚህ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከተጀመረ ልጆቹ እርማት ማለት እሱ ብቻ ይመስላቸዋል።

ከ30 ነጥብ የሚይዙት ከሆነ 15ቱን ለደብተሩ ይስጡ። ጽሑፉን ታላቅ ወንድም ሊጽፍላቸው ይችላል፤ የሦስት ቀን ቆጠራ ግን አይጽፍላቸውም።

10. ደብዳቤ አድርገው ያስረክቡ

የደብዳቤውን አጻጻፍ ያስተምሯቸው፦ በስተቀኝ ቀን፣ በግራ «ለ» ተብሎ የኃላፊው የሥራ መደብ፣ ከመሃል «ጉዳዩ፦ የሴቶች መጸዳጃ ቤት በሮች ጥገናን ይመለከታል»፣ ከሥር አራቱ አንቀጾች፣ በመጨረሻ የቡድኑ ስምና ግልባጭ ለወተመህ። ሁለት ቅጂ ያዘጋጁ። አንዱ ላይ የተቀባዩ ፊርማና የተቀበሉበት ቀን ይጻፍና ደብተር ውስጥ ይቀመጥ። ልጆች ይህን ፊርማ ሲያዩ ሥራቸው የትምህርት ቤቱ ወረቀት እንደሆነ ይገባቸዋል።

በሰልፍ ላይ ወይም በሚኒ ሚዲያ ከመነበቡ በፊት ርዕሰ መምህሩ ይዩት። ሰው በሕዝብ ፊት ድንገት ሲነገረው ይከላከላል፤ አስቀድሞ ካነበበው ግን «ሁለቱን ጠግነናል» ብሎ መልስ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

በዚሁ አጋጣሚ የአደጋ ስልክ ቁጥሮችን ልጆቹ በትልቁ ጽፈው በየክፍሉ በር ይለጥፉ፦ ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ በአዲስ አበባ ለእሳት አደጋ 939።

11. እንደገና ይቁጠሩ

ደብዳቤው በገባ በአንድ ወሩ ያው ቡድን፣ በዚያው አለካክ፣ በዚያው ቦታ ይቁጠር። ቀኑን ደብዳቤውን ከማስረከብዎ በፊት ይወስኑና በክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጥፉት፤ ፈተና ሲቃረብ እንዳይረሳ ነው። በደብተሩ ላይ «ከአንድ ወር በኋላ» የሚል ዓምድ ይጨመር። ከተስተካከለ ቡድኑ የምስጋና ደብዳቤ ይጻፍ፤ እሱም ቁጥር ይኑረው። ካልተስተካከለ ሁለተኛ ደብዳቤ ይጻፍ፦ ያው ጉዳይ፣ አዲሱ ቁጥር፣ የመጀመሪያው ደብዳቤ ቀን።

ብዙ ጊዜ የሚፈጠሩ ስህተቶች

- መምህሩ ርዕስ ይመርጣል። ልጆቹ ያላስጨነቃቸውን ነገር ቆጥረው ይሰለቻሉ። በደረጃ 1 ከተሰበሰበው ወረቀት ብቻ ይምረጡ።
- ጎበዝ ልጅ ብቻውን ይጽፋል፣ አራቱ ያያሉ። ለእያንዳንዱ አንድ አንቀጽ ይስጡ፤ አምስተኛው ካርታውን ያጽዳ።
- የተሞሉ መጠይቆች ጠረጴዛ ላይ ይቀራሉ። የእጅ ጽሑፍ ይታወቃል፤ ሲጨርሱ ወዲያው ይቆልፉ፣ ሥራው ሲያልቅ ይቅደዱ።
- ችግር ያልተገኘበት ቡድን ችግር ይፈጥራል። «ከ12 ክፍሎች የ12ቱም በር ወደ ውጭ ይከፈታል» የሚል ግኝት ሙሉ ነጥብ የሚያሰጥ ግኝት መሆኑን ከመጀመሪያው ቀን ይንገሯቸው።
- መምህሩ የልጆቹን ዓረፍተ ነገር ያሳምራል። «መግቢያ ቀዳዳው ሰፍቶ አይዝም» የሚለውን «የጥገና ጉድለት ይስተዋልበታል» ብዬ አስተካክዬ አውቃለሁ። ርዕሰ መምህሩ ጽሑፉን ሲያነቡ «ምን ማለት ነው?» አሉ። የልጅቷን ቃል መልሼ ጻፍኩት፤ አናጢው ሌላ ማብራሪያ ሳይጠይቅ መዶሻና አዲስ ብሎን ይዞ መጣ።